የተቀጠቀጠ እግር፤ ሕክምናውና ማገገሚያው

እንደሚታወቀው ሁሉ የመምህር ሥራ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው። መምህር ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ ሲመላለስ ይውላል። እጁ ቢታመም በሌላው እጁ ይጽፋል፤ ድምፁ ቢዘጋ ለተማሪው አስነብቦ ይቆያል። እግሩ ሲመታ ግን መላ ሥራው ይታወካል። ስለዚህ በዚህ ዕትም የእግር ቅጥቀጣን ርዕሰ ጉዳያችን አድርገን አቅርበናል።

ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የግቢያችን ሜዳ ምን ያህል ጠጠራም እንደሆነ የማያውቅ የለም። በአንድ የኳስ ጨዋታ ላይ ከመካከላችን አንዱ የእግሩን ጀርባ በታኬታ ተረገጠ። «አቦ ተዉኝ፣ ምንም አይደል!» ብሎ እያነከሰ ጨዋታውን ጨረሰ። ማታ እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ። እኛም ደግ የሠራን መስሎን አንዳችን ውሃ አፈላን፣ አንዳችን ቅባት አመጣን፣ ጉልበት ያለን ደግሞ እስኪያልበን ድረስ አሸነው። ጠዋት እብጠቱ በእጥፍ ጨምሮ ጠበቀን። በአራተኛው ቀን ራጅ ሲነሳ ከትንሿ ጣት በስተኋላ ያለው አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እሱ በክራንች ሸኘን። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ የጓደኞቹ ነበር። ነገ ከጤና ጣቢያ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት ተመድበን የሰው ልጅ እግር በእጃችን ቢወድቅስ? ይህ ጥያቄ ነው ብዕር ያስነሳን።

1ኛ. ቅጥቀጣ ማለት ምን ማለት ነው?

የአንድ እግር መዳፍ 26 አጥንቶች አሉት። ሰባቱ ከቁርጭምጭሚት በታችና በተረከዝ በኩል የተደራረቡ ናቸው፤ አምስቱ ረዘም ረዘም ብለው መሐሉን ይይዛሉ፤ አሥራ አራቱ የጣቶች ናቸው። በእነዚህ ላይ ጅማት፣ ሥጋ፣ የደም ሥርና ቆዳ ተደርቧል። በተለይ የእግር ጀርባ ሥጋው ስስ በመሆኑ ድንጋይ ቢወድቅበት ወይም ሰው ቢረግጠው ኃይሉ በቀጥታ ወደ አጥንት ይደርሳል።

ቅጥቀጣ የምንለው ቆዳው ሳይቀደድ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲፈነዱ ነው። ደሙ ወደ ውጭ መውጫ ስለሌለው ሥጋ ውስጥ ይሰርጋል። ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። ከዚያም ሰውነት የፈሰሰውን ደም ቀስ በቀስ እየፈጨ ያጸዳዋል። ቀለሙ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ቀይ ወይም ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ወደ ጥቁር ያደላል፣ ከዚያ አረንጓዴና ቢጫ መስሎ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብዙ መጻሕፍት የሚያሳዩት የቀለም ለውጥ በነጭ ቆዳ ላይ የታየውን ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቀለሙ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ስለሆነም «አልበለዘም፣ አልተጎዳም» ብለን መፍረድ የለብንም። ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ እብጠቱን ማስተያየት፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መለካት፣ በአንድ ጣት ቀስ ብሎ ተጭኖ የሚያመውን ቦታ መፈለግ ይሻላል።

2ኛ. ቅጥቀጣ ነው ወይስ ስብራት?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። «ጣቶቹን ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም» የሚባለው የሠፈር ብልኃት ስሕተት ነው። የተሰነጠቀ አጥንት ያለበት ሰው ጣቱን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የእኛም ጓደኛ ጣቱን እያንቀሳቀሰ አሳይቶን ነበር!

በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የምርመራ ደንብ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዓላማው ማን ራጅ መነሳት እንዳለበት መለየት ነው። በቀላል ቋንቋ ስናስቀምጠው ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፦

ሀ) ተጎጂው ወዲያው እንደተመታም ሆነ በኋላ ሲመረመር፣ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፤

ለ) በእግሩ የውጭ ጠርዝ፣ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስንሄድ መሐል ላይ ጎበጥ ያለው አጥንት ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፤

ሐ) በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፤

መ) ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የአንዱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ የሚያም ከሆነ።

ከዚህ ሌላ እግሩ ቅርጹን ከለወጠ፣ ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ፣ ወይም ውስጥ እግሩ መሐል ላይ ደም ከቋጠረ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ምልክት የመሐል እግር አጥንቶችን አቆራኝተው የሚይዙት ጅማቶች መበጠሳቸውን ሊያመለክት ይችላል። ካልታከመ ዕድሜ ልክ የሚያነክስ ጉዳት ነው።

አንድ አስቸኳይ ምልክት እንጨምር። ሕመሙ ከአደጋው መጠን በላይ ሆኖ በየሰዓቱ የሚጨምር፣ እግሩ እንደ ከበሮ የሚወጠር፣ ጣቶቹ የሚደነዝዙ ወይም የሚቀዘቅዙ ከሆነ በውስጥ የታፈነው እብጠት የደም ዝውውሩን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በድሬዳዋ ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን፤ ባጃጅ ጠርተን ድል ጮራ ሆስፒታል መድረስ እንችላለን። ገጠር የሚመደብ መምህር ግን ከወዲሁ የት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድ አስቦ መቀመጥ አለበት።

3ኛ. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ስብራት አለመኖሩን ካመንን ሕክምናው ከቤት ይጀምራል። አራት ነገሮችን እናድርግ።

አንደኛ፣ ጨዋታውን ወይም ሥራውን ማቆም። «ትንሽ ነው፣ ሲሞቅ ይተወኛል» ማለት የተጎዳውን ሥጋ ዳግም ማድማት ነው። ጫማው እብጠቱ ሳይጨምር ቶሎ ይውለቅ፤ የጣት ቀለበት ካለም ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዝ። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ይደገማል። በረዶን በቀጥታ በቆዳ ላይ ማድረግ ቆዳውን ይጎዳል። በሳቢያን በረዶ ከሱቅ ይገኛል፤ የቀዘቀዘ የውሃ ኮዳም ያገለግላል። መብራት በሌለበት አገርስ? የእንሥራ ውሃ አለልን። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው ወደ ውጭ እያላበ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል። በዚያ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እየለዋወጡ ማድረግ ጥሩ ምትክ ነው። የሳይንስ መምህራንም ይህን ለትምህርት መስጫ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ስለ በረዶ ግን ሐኪሞች አሳባቸውን በመጠኑ አሻሽለዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ መርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሠርና ከፍ ማድረግ የሚሉትን አራት ምክሮች በአንድ ቃል አጣምረው በዓለም አስተዋወቁ። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ገልጸው የቀድሞ ምክራቸውን አረሙ። ስለዚህ በረዶ ለመጀመሪያው ሕመም ማስታገሻነት እንጂ ሳምንት ሙሉ የሚደረግ መድኃኒት አይደለም። አንድ አዋቂ የራሱን ትምህርት በአደባባይ ማረሙ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ሌላ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ በልኩ ማሠር። ፋሻ ከሌለ ንጹሕ ነጠላ ወይም ሽርጥ ተቀዶ ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል። ጣቶቹ ግን ሳይሸፈኑ ይታዩ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነን ስንለቀው ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ያህል ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ፣ እሥሩ ጠብቋልና ይላላ። ማታ ስንተኛ ይፈታ።

አራተኛ፣ እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግ። ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ላይ መስቀል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ ማሳረፍ ከምንም ይሻላል እንጂ በቂ አይደለም።

4ኛ. በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማይደረጉ ነገሮች

ማሸት፦ ገና በመድማት ላይ ያለን ሥጋ ማሸት ደሙን ያበዛል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ካለም ከቦታው ያናጋዋል። ወጌሻዎቻችን በአገራችን አያሌ ሰዎችን የረዱ፣ የተከበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን ለማቃለል አንጽፍም። ነገር ግን ያለ ራጅ የተሳበ አጥንት፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ የታሠረ እግር የደም ዝውውሩ ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለ። አስተዋይ ወጌሻ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» የሚል ነው።

ሙቅ ውሃ፦ እናቶቻችን በጨው የሞቀ ውሃ የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ጥቅምም አለው። ጊዜው ግን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ እብጠቱ መጨመር ሲያቆም ነው። ቀድሞ ከሆነ የደም ሥሮችን አስፍቶ እብጠቱን ይጨምራል።

ዋግምትና ብጣት፦ የተቋጠረውን ደም በምላጭ በጥቶ ማውጣት ጀርም ማስገባት ነው። መንጋጋ ቆልፍም በዚህ መንገድ ሊገባ ይችላል። ከጥፍር ሥር ደም ቋጥሮ ሌሊቱን እንቅልፍ ቢነሳም በጤና ተቋም በንጹሕ መሣሪያ ይከፈታል እንጂ በጋለ መርፌ አይሞከርም።

አስፕሪን፦ ይህ መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ በውስጥ ለሚደማ ቦታ አይመከርም። ለሕፃናትማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥም። በከተማችን ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሷል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። ደንጊ ለመድማት ስለሚያጋልጥ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አደገኛ ናቸው። ቺኩንጉንያ ደግሞ የእግርን መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ያነክሳል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት ሰው መመታቱን ሳያስታውስ «እግሬን» ቢል ማሠሩን ትተን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይወሰዳል፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሊደገም ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ሕመም ያለበት ባለሙያ ይጠይቅ። የልጆች መጠን በክብደታቸው ነው።

5ኛ. ማገገሚያው

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ዕረፍት ብቻ ከሆነ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይሰንፋል። ስለሆነም፦

ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፦ ተቀምጠን እግራችንን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናንቀሳቅስ። በአውራ ጣታችን አየር ላይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን ፊደላት እንጻፍ፤ ለመምህር የሚስማማ ስፖርት ነው! መሬት ላይ የተነጠፈ ጨርቅ በጣቶች ሰብስቦ መልሶ መዘርጋትም ይጠቅማል። ምርኩዝ የምንይዝ ከሆነ በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ይሁን። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይይዛል።

በ2ኛው ሳምንት፦ ግድግዳ ይዘን በሁለት እግር በጣቶቻችን ጫፍ እንቁም፣ ቀስ ብለን እንውረድ። ሲለምድ በአንድ እግር። ጥርስ ስንቦርሽ በተጎዳው እግር ብቻ ሠላሳ ሰከንድ ለመቆም እንሞክር። መራመዱ በለስላሳ መሬት ይጀመር፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ዳር ያለው ደልዳላ መንገድ ይሻላል እንጂ አሸዋውና ኮረቱ ለጊዜው ይቅር።

ወደ ጨዋታ መመለሻ፦ ሳያነክሱ መራመድ፣ በአንድ እግር ጣት ጫፍ አሥር ጊዜ መነሳት፣ በአንድ እግር ደጋግሞ መዝለል ሳይታመሙ ከተቻለ ሜዳ መግባት ይቻላል። በልምምድ ጊዜ ጥቂት ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም። መመዘኛው የማግሥቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ሕመሙ ወይም እብጠቱ ከትናንት ከባሰ አብዝተናል፤ አንድ እርምጃ እንመለስ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ግን ራጅ ያስፈልጋል። አጥንት ሳይሰበር በውስጡ ሊቀጠቀጥም ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ጫማም ከሕክምናው ይቆጠራል። በሙቀታችን ምክንያት ነጠላ ጫማ ብናዘወትርም እግርን ከእንቅፋትም ከሚወድቅ ነገርም አይጠብቅም። እስኪሽር ድረስ ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ሸራ ጫማ ይመረጣል።

6ኛ. ሕመም ጠባቂ ነው

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን ሁላችንም እናስተምራለን። በቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በጫማ ሮጦ መድገሙንም እናስተምራለን። ብዙ ጊዜ የማናስተምረው ሦስተኛውን ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የእግር ጉዳት ይዞ ሩጫውን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ድሉን ለኢትዮጵያ አመጣ። ያን ቀን ያቆመውን አበበን ፈሪ ያለው ሰው የለም። ማቆምም ጀግንነት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሕመምን ጥቅም ለማወቅ ሕመም የማይሰማውን ሰው ማየት ነው። በሐረር አቅራቢያ የሚገኘው ቢሲዲሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ የሕክምና ሥፍራ ነው። በዚህ በሽታ ነርቩ የሞተበት እግር ሚስማር ቢወጋው፣ ድንጋይ ቢቀጠቅጠው አይናገርም፤ ባለቤቱም ሳያውቅ እየረገጠ ቁስሉን ያሰፋል። ስኳር በሽታም ዓመታት ሲቆይ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የስኳር ሕሙማን ትንሽ የምትመስል ቅጥቀጣ ቢደርስባቸው በዚያኑ ቀን ለሐኪም ያሳዩ፤ ሙቅ ውሃም በእግራቸው አይለኩ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱም እንዲሁ።

7ኛ. የመምህሩ ድርሻ

ነገ ክፍል ስንገባ አንድ ልጅ ያነክሳል። ምን እናደርጋለን? «ቁም! በትክክል ተራመድ!» እንላለን ወይስ ጎንበስ ብለን እናያለን? የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ገና የሚያድግ ለስላሳ ክፍል ስላለው አዋቂውን ቀጥቅጦ የሚተወው ምት ልጁን ሊሰብረው ይችላል። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል።

ከዚህም ሌላ፣ የልጁ እግር ደጋግሞ የሚበልዝ፣ ምክንያቱን ሲጠየቅ የሚለዋውጥ ወይም የሚያቀረቅር ከሆነ እንቅፋት ብቻ ላይሆን ይችላል። በክፍል ፊት ሳናሳፍረው ለብቻው እንጠይቀው፤ ለርዕሰ መምህሩና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናሳውቅ። በየትምህርት ቤቱም ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ እንሥራ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲኖር ማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ድኗል። ኋላ ቀርቶ የማስተማር ልምምዱን ጨርሷል። እኛን ሲያገኘን ግን «ኧረ እናንተ ወጌሾች!» እያለ ይስቅብናል። እንዲስቅ እንፈቅድለታለን። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ የእኛን ስሕተት አንባቢያችን እንዳይደግመው በማለት እነሆ በግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው አልተሰበረም ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?
2. የእንሥራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ለተቀጠቀጠ እግርስ እንዴት እንጠቀምበታለን?
3. በጨው የሞቀ ውሃ መቼ ይጎዳል? መቼ ይጠቅማል?
4. የግራ እግሩ የተጎዳ ሰው ምርኩዙን በየትኛው እጁ ይይዛል?
5. ከምትኖሩበት ወይም ከምትመደቡበት ትምህርት ቤት ቅርብ የሆነው ራጅ የት ይገኛል? ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።